እስከ ሪራ ብቻ የሚደርስ ካርታ

ጎባ በላብራቶሪ ባለሙያነት የሠራሁበትን ጊዜ አብዛኛውን ያሳለፍኩት ዝውውር በመጠበቅ ነው። ደሴ ያሉት ወላጆቼ በደወሉ ቁጥር «አሁንም አልተሳካም?» ይሉኛል። አርፎ መቀመጥ አቃተኝ። በመጨረሻ ከጎባ ተነስቼ፣ የሰነቲን አምባና የሃረናን ጫካ አቋርጬ፣ እስከ ዶሎ መና በእግሬ ልሄድ ወሰንኩ።

አከራዬ ሲሰሙ «እኔም አለሁበት» አሉ። ሱቅ ያላቸው፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ እንደ ሰፈሩ ሰው «አዮ» እላቸዋለሁ፣ እናቴ ማለት ነው። እህታቸው ጫካው የሚጀምርበት ሪራ ትኖራለች። እዚያ ድረስ አብረውኝ ሊሄዱ ነው፤ መንገድ የሚያሳየን አንድ አጃቢም ቀጥረናል።

ከዚያ በኋላ ካርታ መምረጥ ሥራዬ ሆነ። አንደኛው ሮቤ ፎቶኮፒ አስነስቼ በፕላስተር ያያያዝኩት ትልቅ የድሮ ካርታ ነው፤ ዳገትና ቁልቁለቱን በቀጫጭን መስመር ያሳያል፣ አዲሱ መንገድ ግን የለበትም። ሁለተኛው ለጎብኚ የተሠራ ነው፤ ድንኳን የሚተከልበትንና ውሃ ያለበትን ይናገራል፣ ግን ሪራ ላይ ያበቃል። ሦስተኛው ስልኬ ላይ ያለው ነው፤ ባትሪው ካለቀስ? ከሥራ ስወጣ ወለሉ ላይ እዘረጋቸዋለሁ፣ አንዱን መርጬ አጥፌ አስቀምጣለሁ፣ ተመልሼ እዘረጋለሁ።

«ኢንታሎኮ» አሉኝ አዮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አጃቢው መንገዱን ያውቀው የለ? ይኼ ሁሉ ወረቀት ምን ያደርግልሻል?»

«የት እንዳለሁ ካላወቅኩ ልቤ አይረጋም፣ አዮ።»

«እዚህ ቤትሽ ውስጥ የት እንዳለሽ ታውቂያለሽ። ረግቶልሻል?»

ካርታዎቹን ከወለሉ ላይ መሰብሰብ ጀመርኩ።

ልንነሳ ጥቂት ቀን ሲቀረን አለቃዬ አስጠራኝ። ዝውውሩ ተፈቅዷል፤ በቶሎ ደሴ ሄጄ ሪፖርት ማድረግ አለብኝ። ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅኩት ነገር ነበር፤ እኔ ግን የቀሩኝን ቀኖች መቁጠር ጀመርኩ። እስከ ዶሎ መና የሚበቃ ቀን አልነበረኝም፤ እስከ ሪራ ብቻ ሄጄ ልመለስ ወሰንኩ። የጎብኚውን ካርታ ብቻ ይዤ ሌሎቹን ተውኩ።

አዮ ዜናውን ሲሰሙ «አልሐምዱሊላህ፣ እናትሽ ደስ ይበላት» ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ። እስከ ማታ አልወጡም።

ሰነቲ ላይ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። አዮ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ረጅሙ የጅብራ ተክል ሥር አረፍ እያሉ ከአጃቢው ጋር በኦሮምኛ ይጫወታሉ። እኔ በየጉብታው ካርታውን እያየሁ «ገና ነን?» እላለሁ።

«ቸኩለሽ የት ልትደርሺ ነው?» አሉኝ በመጨረሻ፣ ቆጣ ብለው። «ስንደርስ እኮ ትሄጃለሽ።»

ካርታውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ክንዳቸውን ያዝኩ። ቁልቁለቱን እንደዚያው ወረድን።

ሪራ ስንደርስ እህታቸው በር ላይ አቅፋ አስለቀሰቻቸው። በማግስቱ ዶሎ መና የሚሄዱ ሰዎች ወደ ጫካው ሲገቡ አጥሩ ጋ ቆሜ አየኋቸው። እግሬ አብሯቸው ሊሄድ ፈለገ። አዮ እህታቸው ጋ ሊሰነብቱ ነው፤ ማር በጀሪካን ሞልተው «ለእናትሽ» አሉኝ። ወደ ጎባ በሚመለስ አይሱዙ ተሳፈርኩ። ቤት እንደገባሁ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ዕቃ ማሰር ጀመርኩ።