የዘሃራ ልጆች ቤት፦ ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ

በመጀመሪያ በደሉ ይመዝገብ። በመካነ ሰላም ከተማ፣ በእኛ ሰፈር፣ ዘሃራ የምትባል ጎረቤቴ ለሥራ ዐረብ አገር ሄደች። ሁለት ሴት ልጆቿ የሚኖሩበትን የቀበሌ ቤት ቀበሌው ወሰደው። ልጆቹ ውጭ ማደር ሲጀምሩ ደግሞ «እናታቸው ጣለቻቸው» ተባለ። ደሴ ድረስ የሄድኩት ይህ ሐሰት መሆኑን ለመናገር ነው። መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ፊደሌ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሰኝ። ነገሩ ግን አልተንጋደደም።

ቤቱ እንዴት እንደተወሰደ ካልነገርኩ መንገዱ ትርጉም አይኖረውም። በእኛ አገር እናት ስትርቅ ልጅ ብቻውን ቤት ውስጥ አያድርም፤ ለሰፈሩ ነውር ነው። ስለዚህ ዘሃራ በሄደች ማግሥት ልጆቹን ተከፋፈልን። ታላቋ ሰዓዳ እኔ ዘንድ፣ ትንሿ ፎዚያ እትዬ ዘምዘም ዘንድ ያድራሉ። ቀን ቀን የራሳቸውን ቤት ከፍተው ይጠርጋሉ፣ ያጠናሉ፣ ይጫወታሉ። ሲመሽ ይቆለፋል። ክርስቲያን እስላም ሳንል እናቶቻችንም እንዲሁ ሲያደርጉ ነው ያደግነው። የቀበሌ ሰዎች ቤት ለማጣራት ብለው ማታ ማታ ሲዞሩ ያንን ቤት ዝግ ሆኖ አገኙት። ተመላልሰው አዩት፣ ያው ዝግ ነው። «ነዋሪ የለውም» ብለው ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሰጡት። ልጅ ማሳደራችን ማስረጃ ሆኖ መጣብን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተበላሸ። ዘምዘም የተከራየችበትን ቤት ልቀቂ ተብላ ወደ ገጠር ዘመዶቿ ሄደች። የእኔ ቤት አንድ ክፍል ነው፣ የልጄ ልጆች ሞልተውታል። ያም ሆኖ ሁለቱንም አስጠጋኋቸው። ሰዓዳ ግን አንድ ማታ እህቷን ይዛ ወጣችና መናኸሪያው በረንዳ ላይ አደረች። ጎትቼ ባመጣትም ትመለሳለች። ምን ጎደለብሽ ብላት፣

«እማማ ጥሩ፣ እስከ መቼ እንግዳ እንሁን? የራሳችን በር ላይ ሌላ ሰው ልብስ ሲያሰጣ እያየን» አለችኝ። ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት።

በዚህ መሃል ዞኑ «ልጆች ወደ ጎዳና የሚወጡበት ምክንያት» የሚል ውይይት ጠራ። ከየወረዳው የኅብረተሰብ ተወካይ ይምጣ ተባለ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ታደለ እኔን መረጠኝ። በዕድርም በሠርግም የምመርቀው እኔ ነኝና መድረኩን በምርቃት እንድዘጋ ነው።

«ምርቃት ላይ እማማን የሚያህል የለም» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ቀንሶ፣ «የዘሃራን ቤት ግን እንዳያነሱ። መድረኩ የሐሳብ እንጂ የአቤቱታ አይደለም» አለኝ።

እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም። የገብስ ጭኮዬን ለስንቅ ቋጥሬ፣ ዱላዬን ይዤ ተነሣሁ።

ከመካነ ሰላም አቀስታ

አውቶቡሱ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚነሣው። ሰዓዳና ፎዚያ መናኸሪያው በረንዳ ላይ በአንድ ባና ተጠቅልለው ተኝተዋል። ያ የሱፍ ብርድ ልብስ የእኔ ነው። ከጭኮው ከፍዬ ራስጌያቸው ሳስቀምጥ ሰዓዳ ዐይኗን ገለጠች።

«ወዴት ነው?»

«ደሴ።»

«ለእኛ ጉዳይ ነው?»

«ለሐቅ ጉዳይ ነው። ተኚ።»

ከእኔ ጋር የተወከሉት የቤተ ክርስቲያን መምህሩ መሪጌታ ስብሐት ነበሩ። መስኮቱ የማይዘጋበት ወንበር ደረሰንና ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ተከናነብን። መንገዱ ጠጠር ነው። ወደ ጊምባ ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው በላይ ጠጉራቸው የረዘመ በጎች፣ ዝቅ ያሉ የድንጋይ ቤቶች። እያንዳንዱ ቤት ጭስ ያወጣል። ድሃው ገበሬ እንኳ ልጁን የሚያስገባበት ጣሪያ አለው፣ እኛ ከተማ ገብተን ምን ነካን እያልኩ ጣሪያውን ስቆጥር ሄድኩ።

«ወይዘሮ ጥሩ» አሉኝ መሪጌታ፣ «ከመድረሳችን በፊት ቁጣዎን ትንሽ ቢያበርዱት። ዱላውንም ከመኪናው ቢተዉት።»

«ዱላው ለመንገዱ ነው።»

«የትኛው መንገድ ነው? ተቀምጠን እየሄድን።»

ሳልፈልግ አሳቁኝ።

አቀስታ ለቁርስ ወረድን። ሻይና የገብስ ዳቦ፣ ለሁለታችን ሦስት ብር። ከአጠገባችን አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ከጂዳ ከተመለሰች ብዙ አልቆየችም፤ እጇ ላይ የዘይት ጠባሳ አለ። የምንሄድበትን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች፣ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

«እማማ፣ እኔም ስመጣ ቁልፌን ይዤ ነው ወደ ቀበሌ ቤቴ የሄድኩት» አለች። «ቁልፉ አልገባም። ከውስጥ ማነው የሚል ድምፅ ሰማሁ።»

«ልጅሽስ የት ነበረ?»

«አክስቱ ቤት። የት ይደር ታዲያ፣ ብቻውን?»

መሪጌታ ዳቧቸውን አስቀመጡ። እስከዚያ ድረስ የእኛ ቀበሌ ጥፋት ብቻ ይመስላቸው ነበር፤ እውነት ለመናገር ለእኔም ይመስለኝ ነበር። ሴትዮዋ ስንነሣ «አብሽሩ፣ አይዟችሁ፣ ለእኔም ጨምራችሁ ተናገሩ» አለችን።

ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ረዳቱ ወርዶ በእግሩ እየመራ አሳለፈን። ደሴ የገባነው ከቀትር በኋላ ነው፤ በመሪጌታ ዘመድ ቤት አደርን።

ደሴ፣ አዳራሹ

ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀን። መጀመሪያ የተናገረው ከዞኑ የመጣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ወጣት ባለሥልጣን ነው። ምክንያቱ የአመለካከት ችግር ነው አለ። እናቶች በደላላ ተታለው ልጆቻቸውን ጥለው ይሰደዳሉ፣ ቤተሰብ ኃላፊነቱን ረስቷል፣ ኅብረተሰቡም ተመልካች ሆኗል አለ። ተመልካች ሲል ዱላዬን ጨበጥኩ።

ቀጥሎ ከተቃዋሚ ፓርቲ የመጣ መነጽር ያደረገ ሰው ተነሣ። ምክንያቱ የመሬት ፖሊሲው ነው፣ መሬት የመንግሥት እስከሆነ ድረስ ማንም ቤት የለውም አለ። ወጣቱ መልሶ ይህ የኪራይ ሰብሳቢዎች ወሬ ነው አለ። ያኛው እናንተ ናችሁ አለ። አንዱ ያለፈውን ሥርዓት፣ ሌላው የአሁኑን ሲያነሡ ረፋዱ አለቀ። በመካከል አንድ የአቀስታ መምህር ስለ ቤት ኪራይ መናር ሊናገሩ ሞከሩ፤ «ከርእስ ወጡ» ተባሉ። የአንድም ልጅ ስም አልተጠራም።

እጄን አወጣሁ። «ሰዓት አልቋል» ተባልኩ። ደግሜ አወጣሁ። «እማማ፣ የእርስዎ ተራ መጨረሻ ላይ ነው» አለኝ ወጣቱ በትሕትና። መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ያን ጊዜ ትዝ አለኝና እጄን አወረድኩ። መሪጌታ አዩኝ። «ምን አሰቡ?» አሉኝ። «አሜን ለማለት ይዘጋጁ» አልኳቸው።

በወሎ የምርቃት ሥርዓቱ የታወቀ ነው። መራቂ ሲነሣ ሁሉም ይነሣል፣ መዳፉን ይዘረጋል፣ መራቂው እስኪጨርስ ማንም አያቋርጥም። ያቋረጠ ምርቃቱን ወደ ርግማን ያዞረዋል ይባላል። ሹምም ቢሆን፣ ካድሬም ቢሆን፣ እዚህ አገር ከተወለደ ይህን ያውቃል። ተጠራሁ፤ ወጣሁ፤ አዳራሹ ቆመ።

«አገሩን ሰላም ያድርግልን» አልኩ።

«አሚን።»

«አዝመራውን ከውርጭ ይጠብቅልን።»

«አሚን።»

«እናት ለእንጀራ ስትርቅ ልጇን የሚያሳድር ጎረቤት አያሳጣን።»

«አሚን» አሉ፣ እናቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«ልጅ ጎረቤት አደረ ብሎ ቤቱን ከሚቀማ ያድነን።»

አሚኑ ዝቅ አለ። ወጣቱ ባለሥልጣን መዳፉን እንደዘረጋ ቀና ብሎ አየኝ። ማጠፍ አልቻለም።

«ቤት ወስዶ፣ በር ቀይሮ፣ እናት ጣለቻቸው ከሚል አፍ ይሰውረን።»

መጀመሪያ መሪጌታ ስብሐት ብቻቸውን በቅዳሴ ድምፃቸው «አሜን» አሉ። ከኋላ ወንበር ተከተሏቸው፣ ከዚያ መሃሉ፣ ከዚያ መነጽር ያደረገው ሰውዬ። በመጨረሻ ወጣቱም ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«የመካነ ሰላሞቹን ሰዓዳንና ፎዚያን፣ የአቀስታዋንም እናት፣ ወደ ቤታቸው ይመልስልን።»

«አሚን።»

ስንበተን ወጣቱ በሩ ላይ ያዘኝ። «እማማ፣ ይኼ ምርቃት ነው ወይስ አቤቱታ?» አለኝ።

«አሚን ያልከው አንተ ነህ፣ ልጄ። አንተው ንገረኝ።»

ሊቆጣ ነበር መሰለኝ፣ ሳቁ ቀደመው። ልጆቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ ከዘሃራ ጉዞ እስከ መናኸሪያው በረንዳ ነገርኩት። «ለሊቀመንበሩ እደውላለሁ። መልሱን እዚያው ያገኛሉ» አለ።

መካነ ሰላም

በማግሥቱ በዚያው መንገድ ተመለስን። ጀምበር ሳትጠልቅ ሰፈር ስደርስ ሴቶቹ ደጄ ላይ ተሰብስበው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከድጃ የምትባል ጎረቤታችንም ያን ሰሞን ዐረብ አገር ሄዳ ነበርና ልጆቿ እንደ ልማዱ ሦስት ቤት ተከፋፍለው ያድራሉ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ እዚያ ላይ ወጣ። ከእንግዲህ ልጁ ወደ ጎረቤት አይሂድ፣ ጎረቤት ወደ ልጁ ይሂድ አልኳቸው። ያንኑ ዕለት የከድጃን ልጆች ሰብስበን ቤታቸው አስገባን፣ መብራቱን አበራን፣ ከእኛ አንዷ ምንጣፏን ይዛ ገባች። በየተራ እናድራለን። የሚዞር ይዙር፣ ክፍት ሆኖ ያገኘዋል።

ጠዋት ሰዓዳን ከመናኸሪያው አንሥቼ ቀበሌ ሄድኩ። አቶ ታደለ ወንበር ሳበልኝ።

«ደሴ ላይ ስሜን አነሡ አሉ፣ እማማ።»

«ስምህን አላነሣሁም። ሥራህን ነው።»

«ስልኩ ተደውሎልኛል፣ መመሪያውንም ደግሜ አየሁት። ቤቱ ነዋሪ በሌለበት የተያዘ ስለሆነ አይመለስም። እናታቸው ስትመጣ ወረፋ ትያዝ።»

«ቀን ቀን ይጠርገው የነበረው ማነው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ» አለች ሰዓዳ።

«ነዋሪ የሚባለው ውል ያለው ነው። ልጅ ደግሞ ውል አይዋዋልም» አለ፣ እኔን እያየ።

ታደለን ከክፉ ሰው አልቆጥረውም። እናቱን አውቃታለሁ፤ እሷም የሰው ልጅ ስታሳድር የኖረች ናት። ስለዚህ በእሷ ስም ጠየቅኩት። «የሙሉ ልጅ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝና እሄዳለሁ። ቤቱን የወሰዳችሁ ዕለት እዚያ ቤት የሚኖረው ማን ነበር?»

ሰዓዳን ያን ጊዜ ገና አያት።

«ሁለት ልጆች ነበሩ» አለኝ። «በመመሪያው ግን ማንም አልነበረም።»