የሳሃል ባትሪና የሰፈሩ ጨዋነት

እስቲ ያንን መስኮት እዩት። ጅጅጋ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ይጨልማል፤ እሱ ብቻ ፏ ብሎ ይታያል። እዚያ የሚኖረው ሳሃል ነው፦ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ እምቢ ማለት ያልፈጠረበት ሰው።

ሳሃል ከአሮጌ ኮምፒውተር የሠራውን ሰርቨር አልጋው ራስጌ አቁሞታል። የጎረቤቱ ሁሉ የሰርግ ቪዲዮ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ ያያል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአቶ ወልደአማኑኤል ድምፅ ነው። ሟቹ ሽማግሌ በአማርኛ ጀምረው በሶማሊኛ እየጨረሱ ሙሽሮችን ሲመርቁ ከካሴት የተገለበጠ ነው፤ ካሴቱንማ ማጫወቻው በልቶታል። ባለቤታቸው እማማ ወለተሐና ያንን ምርቃት ከዚሁ ሰርቨር በስልካቸው ሳይሰሙ አይተኙም።

ዲስኩ አርጅቷል። መብራት ድንገት ከተቋረጠበት ዳግመኛ አይነሳም። ሳሃል ባትሪና ኢንቨርተር የገዛው ለዚህ ነበር። አዲስ ዲስክም አምጥቶ መገልበጥ ጀመረ፤ ግን ጎረቤት ይቅደም ብሎ ከሰርጎቹ ጀመረ! የአቶ ወልደአማኑኤል ተራ ሳይደርስ መብራት ጠፋ።

መጀመሪያ የመጣው ሱጉሌ ነው፤ የግመል ደላላው።

«ዋርያ ሳሃል! አንተ ባትሪ ታቅፈህ እኛ ጨለማ?» አለና ስልኩን ሰካ።

ፈርዶውሳ የጁስ መፍጫዋን ተሸክማ ተከተለች፤ እንግዳ መጥቶባታል። ፀጉር አስተካካዩ ኤቢ ደግሞ ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ደንበኛውን እየጎተተ ገባ።

«ባትሪው ለሰርቨሩ ነበር...» አለ ሳሃል ፈራ ተባ እያለ።

«ቤታችሁ ነው አላልከንም?» አለ ሱጉሌ።

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ በገዛ ቤታችን ሶኬት እንለምን?»

የእንግዳ ቻርጀር መንቀል እንግዳውን ውጣ ከማለት አይለይም። ስለዚህ ሳሃል ሻይ ጣደ! ጨዋነት ይሉታል፤ እኔ ፈሪነት እለዋለሁ። ባትሪው ጲጥ ጲጥ እያለ ይጮሃል፣ መፍጫው ያጓራል፣ ሳሃል ስኳር ይጨምራል።

በዚህ መሃል እማማ ወለተሐና በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ የወልደአማኑኤልን ድምፅ ልሰማ ብል ስልኬ ሞተብኝ።»

ሁሉም ብድግ አለ። «ኧረ ለእማማ ቦታ ልቀቁ!» ሲል ሱጉሌ ጮኸ። ዲቫይደሩ ሞልቷል። ፈርዶውሳ መፍጫዋን አቀፈች። ኤቢ የደንበኛውን ግማሽ ጭንቅላት አሳየ። ሱጉሌ የራሱን ቻርጀር ዘሎ ወፍራሙን ገመድ ያዘ።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የሰርቨሩ ነው፤ እባክህ...»

«ሰርቨር ለትልቅ ሰው አይነሳም እንዴ?» ብሎ ነቀለው።

ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ዝም አለ። ሰዉ ሱጉሌን አመሰገነ። እማማም መረቁት።

ሻዩ ሳይቀዘቅዝ መብራት መጣ። ሳሃል ሰርቨሩን ደጋግሞ ቢያበራው ከቀጭታ በቀር መልስ የለም። እማማ ስልካቸውን ዘረጉለት።

«ሞላልኝ። በል ክፈትልኝ።»

«እምቢ» ማለት ያልቻለ አፍ፣ «የለም» ማለትም አልቻለም።

«ነገ፣ እማማ» አላቸው።

ይኸው በየቀኑ ስልካቸውን ሞልተው ይመጣሉ፤ በየቀኑም ነገ ይባላሉ።

እናንተ በጅጅጋም በቀብሪበያህም የተዳራችሁ፣ እኚያ ሽማግሌ የመረቋችሁ ሁሉ፦ ካሴታችሁን፣ ስልካችሁን፣ የቁም ሳጥናችሁን ታች ፈትሹ። ድምፃቸውን ካገኛችሁ ለሳሃል አምጡለት። ስትመጡ ግን፣ በፈጠራችሁ፣ ቻርጀር እንዳትይዙ።