ሁለተኛዋ ክኒን

ከሚኒባሱ ያወረዱኝ በአንድ ፌስታል ክኒን ምክንያት ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ እየተመለስኩ ነበር። ፈታሿ ቦርሳዬን ዘርግፋ፣ በሹራብ የጠቀለልኩትን ፌስታል አወጣች። የስድስት ወር መድኃኒት ነው፤ ስም የለው፣ ወረቀት የለው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ብዙዎቻችን እንዲህ እናደርጋለን። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ላይ እንዳንታይ ሩቅ ከተማ ሄደን እንቀበላለን፤ ከዚያ ብልቃጡን ሰው እንዳያውቀው እዚያው ጥለን ክኒኑን በፌስታል እንቋጥራለን። አሥራ አንድ ዓመት እንዲያ ተመላለስኩ። የምፈራው ጎረቤት እንጂ ፍተሻ አልነበረም።

"ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የጨጓራ።"

"ይሄ ሁሉ? ጫካ ላሉት ነው አይደል የምታደርሺው?"

ያሰሩኝ ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው አሁንም ገብስ ገብስ ይሸታል፤ ጉሙ በበሩ ሥር ይገባል። እዚያ ከታሰሩት ሴቶች መሀል አንዷን አውቃታለሁ፤ የደብራችን ቄስ ሚስት ናት፣ ቀሚሷን የምሰፋላት እኔ ነኝ። ወንድምሽ ጫካ ገብቷል ብለው ከቤቷ አምጥተዋታል። እንዳየችኝ ብርድ ልብሷን ገለጥ አድርጋ "ነይ፣ እዚህ ግቢ" አለችኝ። ሁለት ቀን አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን ተኛን።

ሁለት ቀን ማለት ለኔ ሁለት ክኒን አለፈ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ ጠራኝ። የመድኃኒቱን ተቀባይ ካልተናገርኩ ወደ ሌላ ቦታ እንደምወሰድ ነገረኝ።

"ለብቻዬ ላናግርዎት" አልኩት።

"እዚሁ ተናገሪ።"

የቄሱ ሚስት እየሰማች ነው። እሷ ሰማች ማለት ጎረቤላ ሰማ ማለት ነው።

"ኤች አይ ቪ አለብኝ" አልኩ። "ክኒኑ የራሴ ነው።"

መርማሪው መሬት መሬቱን አየ። ክኒኑን የሚያውቅ ባለሙያ እንደሚያሳይ ተናግሮ ሄደ። ወደ ቦታዬ ስመለስ የቄሱ ሚስት ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ሰብስባዋለች። ከመታሰሬ ይልቅ ያ አመመኝ።

አመሻሹ ላይ ጠባቂው፣ ማጣራቱ እስኪያልቅ በየማታው እንዲሰጠኝ ታዝዞ፣ ፌስታሉን ይዞ መጣ። ፌስታሉን አላስያዘኝም፤ አንዷን አውጥቶ ሰጠኝ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ዋጥኳት።

በማግስቱ ፀሐይ ለመሞቅ ሲያወጡን የቄሱ ሚስት አጠገቤ ተቀመጠች። እያየች ያለችው ወደ ሌላ ነው።

"ስንት ቀን ሲያልፍ ነው የሚያሰጋው?"

"ምኑ?"

"ክኒኑ። ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ቤት ቀርቷል፤ ጠያቂም አያስገቡም። ከባሌ በቀር የሚያውቅ የለም።"

ረዘም ያለች ነጭ ክኒን መሆኗን ጠየቅኳት። እሷው ናት አለችኝ። መድኃኒት መዋዋስ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ መድኃኒቱን የምትሰጠኝ ነርስ ብታየን ሁለታችንንም ትቆጣን ነበር። ግን ሌላ ምን ነበረን?

ማታ ጠባቂው አንዷን ሲሰጠኝ እጄን አላጠፍኩም።

"ሁለት ነው የምወስደው" አልኩት።

"ትናንት አንድ አልነበር?"

"ትናንት አፍሬ ነው።"

ትንሽ አይቶኝ ሁለተኛዋን ጨመረልኝ። ዳቦ ስንካፈል በእጇ አደረግኩላት። እሷ ተከናንባ ዋጠች። እኔ በሩ ሥር፣ ብርሃኑ ላይ ቆሜ፣ ሁሉም እያዩኝ ዋጥኩ። እሷ እስክትፈታ ድረስ በየማታው እንዲሁ አደረግን።

ከኔ ሦስት ቀን ቀድማ ተፈታች። ጎረቤላ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ከዚያ ክፍል ጎረቤላን የምታውቅ ከሷ ሌላ ሰው አልነበረም። ማንም እሷን እንዳይጠረጥር እኔን አሳልፋ እንደሰጠች ይገባኛል። ይገባኛል ማለት ግን ይቅር ብያታለሁ ማለት አይደለም። አሁን እኔ ጋ ቀሚስ የሚያሰፉ ጥቂት ናቸው። የሷን ነገር ግን ከኔ አፍ የሰማ የለም።

ዛሬ ዛሬ መድኃኒቴን ከነብልቃጡ፣ የሐኪሙን ደብዳቤ ጨምሬ፣ ቦርሳዬ አናት ላይ አድርጌ ነው የምሄደው። ባለፈው ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤቱ በር ላይ አገኘኋት፤ ክኒኖቹን በመቀነቷ እየቋጠረች ነበር።

"ከብልቃጡ አታውጪው" አልኳት። "ደብዳቤም አጽፊ።"

ቀና አላለችም። "አንቺማ ምን ቸገረሽ" አለች፤ "አንዴ ሰው አውቆሻል።"

በአንድ ሚኒባስ ተመለስን፤ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ፍተሻው ጋ ውረዱ ሲሉን የኔን ደብዳቤ አይተው በአንዴ አሳለፉኝ። ሄጄ መቀመጥ እችል ነበር። የሷ ወገብ ተዳስሶ እስኪያልቅ ድረስ ግን እዚያው ቆሜ፣ ደብዳቤዬን በእጄ እንደያዝኩ ጠበቅኳት።