ስሜ የተዘፈነበት ከሰዓት በኋላ

በዚያ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከእኔና ከዘፋኟ ሌላ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ ርእሰ መምህሩ፣ ከአስተዳደሩ የመጡ ሁለት ሹማምንት፣ ከትውልድ አገሯ ከጎግ በጭነት መኪና የደረሱት እናቷና አክስቶቿ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው የሙዚቃ ቡድን መሪ፣ ከጎኔ የተቀመጠው የጂኦግራፊ መምህር፣ በሩ ላይ ደግሞ ሽማግሌው ጥበቃ። ተማሪዎቹን አልቆጠርኋቸውም፤ መስኮቶቹ ላይ ሳይቀር ተንጠልጥለው ነበር።

ይህን ዝርዝር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ከገበያው ወደ ቤቴ የተሳፈርሁበት ባጃጅ የተቃጠለ ዘይት ይሸት ነበር፤ በዚያው ሽታ መሀል ከሾፌሩ ስልክ የእርሷ ድምፅ ወጣ።

«አባባ፣ ይሄ ዘፈን የድሮ ነው» አለኝ ወጣቱ አንገቱን መለስ አድርጎ። «እናቴ በጣም ነው የምትወደው። ሴትየዋ የኛ አገር ሰው ናት፤ ያውቋታል?»

«በስም» አልሁት።

የተቃጠለ ዘይት ለእኔ የፒያኖ ሽታ ነው። ጋምቤላ ውስጥ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ስለሌለ፣ የሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ፒያኖ አራት እግሮቹን በሣርዲን ቆርቆሮዎች ውስጥ ተክሎ ይኖር ነበር፤ በቆርቆሮዎቹም ውስጥ ከጭነት መኪና የተቀዳ ጥቁር ዘይት ይጨመራል። እርሷ የትምህርት ቤታችን ታይፒስት ነበረች። ጠዋት የርእሰ መምህሩን ደብዳቤዎች ስትመታ ትውልና ከሥራ ስትወጣ ወደ ፒያኖው ትሄዳለች። መዝሙር የተማረችው በልጅነቷ እዚያው ነው፤ ጃዝን ግን ያስተማራት ራዲዮ ነው። ግራ እጇ ከራዲዮ የሰማችውን ምት ሲደጋግም ቀኝ እጇ የጎግን ዜማ ቀስ እያለ ያስገባበት ነበር።

እኔ ከደጋ የመጣሁ ወጣት የታሪክ መምህር ነበርሁ፤ የአካባቢውን ዘፈኖች በደብተር እሰበስብ ነበር። እርሷ ግጥሙን ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች፤ እኔ ከአጠገቧ አግዳሚው ላይ ሆኜ እጽፋለሁ። አንዳንዴ ፊቴን አይታ ጨዋታዋን ታቋርጥና ትስቃለች።

«አንተ ባለ ደብተር! ይሄ እኮ ለሠርግ የሚዘፈን ነው። ሰው የሞተ ይመስል ፊትህን ምን አጠቆረው?»

ከነገረችኝ ሁሉ አንዱን ልማድ በልዩ ጥንቃቄ መዝግቤዋለሁ። በእርሷ መንደር በዘፈን መሀል ስሙ የተጠራ ሰው ተቀምጦ አይሰማም፤ ይነሣል፤ እጁንም ያነሣል። መነሣቱ «ከኋላሽ አለሁ» ማለት ነው። ያልተነሣ እንደሆነ ዘፋኟን በሰው ፊት ብቻዋን ጥሏታል።

የቡድኑ መሪ በአጋጣሚ ሰምቷት አዲስ አበባ፣ ሆቴል ውስጥ እንድትጫወት ጠየቃት፤ እርሷም እሺ አለች። የመሰናበቻው ዝግጅት ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የፒያኖውን ክዳን በጨርቅ እየወለወለች፣ ወደ እኔ ሳትመለከት ተናገረች።

«ነገ በዘፈኔ ውስጥ እጠራሃለሁ።»

«በሰው ፊት?»

«ታዲያ በጓዳ ሊሆን ኖሯል? ከተነሣህ የትም ብሄድ ተመልሼ እመጣለሁ። ካልተነሣህም አልቀየምህም፤ ግን አልመለስም።»

እሺም እምቢም አላልሁ። በዚያን ጊዜ ዝምታ የጨዋ ሰው ምልክት ይመስለኝ ነበር።

የኋላ ሕይወቷን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሆቴሎቹ፣ ካሴቶቹ፣ ሌሎች ፒያኖ ተጫዋቾች ሊቀዱት ያልቻሉት ያ ግራ እጅ። ጣቶቿን ሪህ ሲይዛት ፒያኖውን ለሌላ ለቅቃ በድምፅዋ ብቻ ቆመች፤ ሰዎች ያኔ ይበልጥ ወደዷት። እዚያው አዲስ አበባ አገባች፤ ወለደች፤ እዚያው አረፈች። ካሴቶቿን በሙሉ ገዝቻለሁ፤ ቤቴ እንግዳ ባለበት ቀን ግን አንዱንም ከፍቼ አላውቅም። በባጃጁ የሰማሁት ያንኑ የመሰናበቻ ዘፈን ነው። በካሴቱ ላይ ስሜ በነበረበት ቦታ ፒያኖው ብቻውን ይጫወታል።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ፀሐዩ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንጣጣው ነበር፤ በመስኮቱ የባሮ ወንዝ ነፋስ የጭቃና የዓሣ ሽታ ያመጣል። ለዕለቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በተጓጓዘው ፒያኖ ሦስት ዘፈኖች ተጫወተች፤ አራተኛውን በአገሯ ቋንቋ በአኙዋክኛ ጀመረች፤ መሀሉ ላይ ምቱን አዘገየችና ስሜን ጠራች። አክስቶቿ እልል ብለው ጠበቁ። የአገሯ ሰው የነበረው የጂኦግራፊ መምህር በክርኑ ወጋኝ።

«አንተን ነው እኮ! ተነሥ እንጂ፣ ወንድሜ!»

ሹማምንቱ ወደ እኔ ዞሩ። መነሣት እችል ነበር። እኔ ግን ደብተሬን ገልጬ አጎነበስሁና መጻፍ ጀመርሁ፤ ዕለቱን፣ የዜማውን ዓይነት፣ የተጠራውን ሰው ስም። ሁለተኛ ጠራችኝ። ጣቶቿ በአንድ ሐረግ ላይ እየተመላለሱ ጠበቁኝ። ከሹማምንቱ አንዱ «ልጁ ፈተና ላይ የተቀመጠ መሰለው እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ተማሪዎቹም አብረውት ሳቁ። እናቷ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረች። የጂኦግራፊ መምህሩ አልተረጎመልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሦስተኛ አልጠራችኝም። ዘፈኑን አንዲት ስንኝ ሳታጎድል እስከ መጨረሻው ዘፈነችው፤ ክዳኑን ልጅ እንዳስተኛ ሰው በቀስታ ዘጋችው። ከዚያም ሕዝቡ በሙሉ ሊሸኛት ወጣ፤ የጂኦግራፊ መምህሩም ሄደ። የመኪናው ጥሩምባ፣ የአክስቶቿ ልቅሶና የተማሪዎቹ ጩኸት እየራቀ ሲሄድ ሰማሁ። እርሳሱ አሁንም በእጄ ነበር።

ሽማግሌው ጥበቃ ቁልፉን ይዞ ወደ እኔ መጣ፤ ጥቂትም ቆሞ ተመለከተኝ።

«መምህር፣ ጽፈህ ጨረስክ?» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። «ልዘጋው ነው።»

አዳራሹ ውስጥ የቀረነው ሁለት ሰዎች ነበርን።