ከጨንቻ በላይ ትራውት አለ ተባለ

አሳ በሞላበት ከተማ እየኖሩ አሳ ፍለጋ ተራራ መውጣት የጤና ሐሳብ አይደለም። እኔ የምኖረው ከከተማው ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ነው፤ ከበረንዳዬ ሆኜ ሁለት ሐይቅ አያለሁ። ስለዚህ ባለፈው ሰኔ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም መጥቶ "ጋሼ፣ ከጨንቻ በላይ አንዲት ወንዝ ውስጥ ትራውት ተገኝቷል፤ ሐምሌ ላይ እንሂድ" ሲለኝ መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን ነው።

ትራውት የቀዝቃዛ ወንዝ አሳ ነው። ፈረንጆች በአንድ ወቅት ባሌ ወንዞች ውስጥ እንደጨመሩት፣ ከላባ በተሠራ ዝንብ አታልለው እንደሚይዙትም አንብቤያለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ እሱ ያነበብኩትን ጨዋታ አንድ ቀን እንኳ ሳልሞክረው መኖሬን ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ወጥመዱ በልኬ የተሠራ መሰለኝ።

"ማን አየው?" አልኩት።

"ሰዎች።"

"በሐምሌ ወንዙ ጭቃ ነው። ዝንቤን በምን ዓይኑ ያያታል?"

"ጋሼ ደግሞ! አሳውም እንደ አንተ ጠርጣራ ይሆናል ብለህ ነው?"

ከጨንቻ በላይ ማለት የአባቴ ቤት ማለት ነው። እዚያ ታላቅ ወንድሜ አለ። የዛሬ ስድስት ዓመት በአባታችን ለቅሶ፣ ድንኳን ውስጥ ቆሜ የለቅሶ ድግስ ከንቱ መሆኑን ለሐዘንተኛው አስረዳሁ። ክርክሬ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። ወንድሜ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረኝም፤ እኔም አልሄድኩም። አለመሄዴ ኩራት ብቻ አልነበረም። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ታረቅ ብሎ ፊትህ ከተንበረከከ እምቢ ማለት አይቻልም። የማይረታ ክርክር ይዤ፣ ክርክር በማይሰማ ሳር መሸነፍ አልፈለግኩም።

ዝግጅቱ ጥርጣሬዬን አበዛው። ከሲቀላ ገበያ ባመጣሁት የአውራ ዶሮ ላባ ዝንብ ስቋጥር ባለቤቴ፣ ለወትሮው መጽሐፎቼን ስታይ የምታዛጋዋ፣ ክር ያዘችልኝ። ሻንጣዬን ስፈትሽ ደግሞ አዲስ ነጭ ጋቢ አገኘሁ።

"ለጭቃ ወንዝ ነጭ ጋቢ?"

"ይበርድሃል ብዬ ነው" አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ።

ለወንድሟ ደወልኩ። "ወንዟ ስሟ ማን ነው?"

"ስትደርስ ይነግሩሃል" አለ።

ያኔ መቅረት እችል ነበር። ታረቅ ብለው ቢለምኑኝ አሥር ምክንያት ደርድሬ እቀር ነበር። አሳ እናጥምድ ሲሉኝ ግን ምክንያት አጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ምክንያት አልፈለግኩም። የወንድሜ ዓይን እየደከመ ነው ብለውኛል። ብዘገይ የሚለየኝ በድምፄ ብቻ ነው፤ ድምፄን ደግሞ አይወደውም።

የመሄጃችን ጠዋት መኪናው ደጃፌ ቆመ። ከኋላ ቡሉኮ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል።

"አባቶች፣ የማጥመጃ ዘንጋችሁ የታለ?" አልኳቸው።

አንደኛው በአገጩ ወደ ተራራው አመለከተ። "የእኛ ማጥመጃ እዚያ ላይ ይበቅላል፣ ልጄ።"

የባለቤቴ ወንድም መሪውን ጨብጦ ጠበቀኝ። ወደ ቤት ብመለስ ማንም አይዘኝም ነበር። ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ዘንጌን ግን ጭኔ ላይ አጋድሜ ያዝኩት። እዚያ ስንደርስ ሰው ቢጠይቀኝ፣ የመጣሁት ለአሳ ነው።