የአባቴ ጎጆ ጎብኚዎች

አባቴ መሪጌታ ነበር። በእኛ አገር መሪጌታ ሁሉ ቅኔ ከማስተማሩ ሌላ ጋኔን ይስባል ተብሎ ይታማል። የኔ አባት ግን እንቁራሪት ጎጆው ከገባች «ኧረ አውጪልኝ!» ብሎ እናቴን የሚጣራ ሰው ነበር።

ሲሞት፣ ያስተምርባት የነበረችው ጎጆ ባዶዋን ቀረች። እናቴ ከሰዓት በኋላ እየገባች መደቡ ላይ ትቀመጣለች። እዚያ ስትሆን እንደሚቀላት ነግራኛለች።

ከዚያ አንድ የደሴ ወጣት ጎጆዋን በስልኩ ቀርጾ «መንፈስ ያለባት» ብሎ ለቀቃት። ሰዉ በወረኢሉ በኩል በሚኒባስ እየተንገጫገጨ ወደ እኛ ከተማ መካነ ሰላም ይጎርፍ ጀመር። በሕይወት ያለ ጎረቤቱን እግዜር ይማርህ ለማለት የሚሰንፍ ሁሉ፣ የሞተ ሰው ድምፅ ለመስማት ከአዲስ አበባ ይመጣል።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ እውነቱን መናገር ይገባኝ ነበር። ግን ያን ሁሉ መንገድ የመጣን ሰው «ምንም የለም» ብሎ መመለስ እንግዳን ጦሙን ማሳደር መሰለኝ። «ጆሮ ሰጥታችሁ ካዳመጣችሁ አባቴ ቅኔ ሲዘርፍ ይሰማል» አልኳቸው። ደስ ሲላቸው ጊዜ ጨመርኩበት።

ወሬው እናቴ ጆሮ ደረሰ። አልፈራችም፤ ተቀየመች። ጎጆዋ መግባቷንም ተወች።

«ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ቁጭ ስል አንድ ቃል ያልተነፈሱ፣ ለባዕድ ያወራሉ?» አለችኝ።

«እማ፣ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ወላሂ ውሸት ነው!»

«አብሽር ልጄ፣ አታባብለኝ። ሰው ለውሸት ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣል?»

ሞት አንዴ የወሰደባትን ሰው እኔ ደግሜ ወሰድኩባት። በራሴ አፈርኩ።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ጎብኚ ከጎጆዋ ስትወጣ እናቴ ደጅ ቆማ ጠበቀቻት።

«ልጄ፣ ስለኔ ምን አሉ?»

ልጅቷ ምንም እንዳልሰማች ፊቷ ይናገራል። ግን እናቴን ስታያት አንጀቷ አልቻለም።

«እወዳታለሁ በይልኝ ብለዋል፣ እማማ።»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እሳቸውስ አይደሉም! አርባ ዓመት ስንኖር ያላሉትን!»

ልጅቷን አልፋ ወደ ጎጆዋ ገባች።

«እሳቸው ቢሆኑማ፣ ‹በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ› ነበር የሚሉት» አለችና ዘጋችው።