ለብቻዬ የሚቀርብልኝ ሳህን

ለምጹ የጀመረኝ ከሁለቱም እጆቼ ጣቶች ነው። በእጅጌዬ ደብቄው ልኖር አስቤ ነበር፤ ዳሩ ምን ያደርጋል፣ በደርግ ጊዜ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ግራ እጅን ሽቅብ እያነሱ መፈክር ማሰማት ግዴታ ነበር። አንድ እሁድ እጅጌዬ ሸርተት አለና ኮምቦልቻ ያለው የሰፈራችን ሰው ሁሉ አየብኝ።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ምግቤን ለየችው። በርበሬ ያባብሰዋል፣ ወተት ያሰፋዋል፣ እንቁላልማ በጭራሽ! እሷና እህቶቼ ቀዩን ወጥ ከበው ሲበሉ ለእኔ ጥግ ላይ በትንሽ ሳህን አልጫ ሽሮ ይቀርብልኛል። «ለአንቺው ብዬ ነው፣ ወላሂ» ትለኛለች። አመንኳት። ከስቼ ቀሚሴ ላዬ ላይ ይንጠለጠል ጀመር። ለምጹ ግን እኔ ስኮሰምን እሱ እየበረታ ክንዴ ላይ ወጣ።

በመጨረሻ በምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ስቀጥል ራሴን ስቼ ወደቅኩ። ሲሻለኝ አውቶቡስ ተሳፍሬ ደሴ ሐኪም ቤት ወጣሁ። ሐኪሙ እጄን ይዞ አገላብጦ አየው። ያለ ጓንት፣ በባዶ እጁ!

«በምግብ አልመጣም፣ ምግብ በመከልከልም አይሄድም» አለኝ። «የገዛ ሰውነትሽ ነው ቆዳሽን የሚያጠቃው። ወደ ሰው አይተላለፍም። አሁን የጎዳሽ ረሃብ ነው፤ እንቁላሉንም፣ ምስሩንም፣ ጎመኑንም ብዪ።»

ቤት ገብቼ ለእናቴ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ደስ አላት። ለራት ቀይ ምስር ወጥ፣ ከጎኑ የተቀቀለ እንቁላል ቀረበልኝ። በዚያችው ሳህን፣ እዚያው ጥግ ላይ።

ለካ እናቴ ስትፈራ የኖረችው በርበሬውን አልነበረም። እኔን ነው። ብግን አልኩ። ሳህኔን አንስቼ ሄድኩና እነሱ በከበቡት ትሪ ላይ ገለበጥኩት። ከእናቴ አጠገብም ተቀመጥኩ። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እማዬ፣ አንቺ አብረሽኝ ካልበላሽ ነገ ማን አብሮኝ ይበላል?»

ከአጠገቧ አልተነሳሁም። «ቢስሚላህ» ብዬ በዚያው በነጣው ቀኝ እጄ ቆረስኩ፣ ጎረስኩ፣ ደገምኩ። እህቶቼ እናቴን እናቴን ያያሉ። ቆይታ ቆይታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እጇን ዘረጋችና እኔ ከቆረስኩበት ቆረሰች።